መንጃ ፈቃድ በኪስ፣ ተረት በጭንቅላት

ድሬዳዋ ውስጥ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። የተማሪዎቼ እጅ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ መንጃ ፈቃዱን ካወጡ በኋላ ከዶርም ጓደኛ የሚለቃቅሙት ወሬ ነው።

«ደንገጎን በዜሮ ማርሽ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል።» አቦ፣ ይሄን ስንቴ ልናገር! ከደንገጎ አናት ወደ ድሬ የሚወርደው መንገድ ጥምዝ በጥምዝ ነው። በዜሮ ስትለቀው ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተዋል። ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል። ፍሬን ደግሞ ከመጠን በላይ ሲግል ይከዳል። ቁጠባው ራሱ ውሸት ነው። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫውን ስትለቅለት፣ ለሞተሩ ነዳጅ መላኩን ያቆማል። በዜሮ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣት አለበት። ከፍለህ ትሞታለህ ማለት ነው። በምትወጣበት ማርሽ ውረድ፣ አለቀ።

እኔም አድርጌዋለሁ። ልጅ እያለሁ፣ በሰው ፒክአፕ። መሀል ቁልቁለት ላይ የቃጠሎ ሽታ መጣ። የሌላ መኪና ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ! ፔዳሉ ወለል ሲነካ ነው የገባኝ። ማርሽ አስገብቼ፣ የእጅ ፍሬን እየሳብኩ፣ ጎኑን ከተራራው ጋር እያፋቅኩ አቆምኩት። ባለቤቱ እስካሁን አይሱዙ የገጨው ይመስለዋል።

«ምርቃና ላይ ስሆን እነቃለሁ።» ጫቱ ድካምህን ይደብቅልሃል እንጂ አያጠፋውም። ከበርጫ ተነስተህ መሪ አትያዝ።

«ፍጥነቴን እጥፍ ብጨምር ማቆሚያው እጥፍ ይሆናል።» ይሄን የነገረኝ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። ፈተና ላይ ፍጥነትን በራሱ ያባዛል፣ መሪ ሲይዝ ይረሳዋል። በ80 ስትነዳ ፍሬን ከያዝክ በኋላ የምትሄደው ርቀት በ40 ከምትሄደው 4 እጥፍ ነው። እግርህ ፍሬን እስኪደርስ በ1 ሰከንድ ብቻ 22 ሜትር ሄደሃል።

«ጡሩምባ ነፍቻለሁ።» ግመሉ አልሰማህም። ባጃጁም።

«ሰማዩ ጠርቷል፣ ደቻቱም ደረቅ ነው።» ደቻቱ ድሬን አቋርጦ የሚያልፍ አሸዋማ ወንዝ ነው። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከተራራው ነው፤ ድሬ ላይ ጠብ ላይል ይችላል። የ1998ቱን የክረምት ጎርፍ ወላጆችህን ጠይቅ። አሸዋው ላይ መኪና አቁመህ ሰው ሲሮጥ ካየህ፣ ቁልፍ አትፈልግ። አብረህ ሩጥ።