አንድን ሰርቨር ሊኑክስም፣ ማክም፣ ዊንዶውስም ላይ እንዴት ማሠራት ይቻላል

ፒያሳ ላለ አንድ ካፌ በሲ ቋንቋ የጻፍኩት ትንሽ ሰርቨር አለ። ከአስተናጋጆች ስልክ ትዕዛዝ ይቀበልና ኩሽና ያለው ስክሪን ላይ ያወጣል። ኮዱን ክፍት አድርጌ ስለለቀቅኩት ዛሬ ሊኑክስም፣ ማክም፣ ፍሪቢኤስዲም (ሊኑክስን የሚመስል ነፃ ሲስተም)፣ ዊንዶውስም ላይ የሚጭነው ሰው አለ።

መጀመሪያ የሲስተሞቹን ልዩነት አንድ ፋይል ውስጥ ሰብስቡ። ብዙ ግንኙነት ለመከታተል ሊኑክስ ኢፖል አለው፤ ማክና ፍሪቢኤስዲ ኬኪው አላቸው። ሶኬት (የግንኙነቱን ጫፍ) መዝጋት እንኳ ዊንዶውስ ላይ በ«ክሎዝ» ሳይሆን በ«ክሎዝሶኬት» ነው። «ኢፍዴፍ» (ለየሲስተሙ የተለየ ኮድ የሚመርጠው መመሪያ) በየፋይሉ ከተበተነ ከስድስት ወር በኋላ የራሳችሁን ኮድ አታውቁትም። ተጠቃሚዎቻችሁ ጥቂት መቶ ከሆኑ ደግሞ ኢፖልንም ኬኪውንም ተዉና ቀለል ያለውን «ፖል»ን ያዙ። ፍጥነት ፍጥነት የሚሉትን አትስሟቸው።

የቁጥር መጠን በግልጽ ጻፉ። «ሎንግ» የሚባለው የቁጥር ዓይነት ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ 8 ባይት ነው፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4።

አሁን ወደ እኔ ጉድ እንምጣ።

ካፌው ማክ ገዛ። ሰርቨሩን ጓደኛዬ ማክ ላይ ሞክሬው ስለነበር ልቤን ሞልቼ ጫንኩት። አርብ ምሳ ሰዓት፣ በያይነቱ በሚጎርፍበት ሰዓት፣ ትዕዛዝ አንዴ ይገባል፣ አንዴ ይጠፋል። ባለቤቷ «ልጄ፣ ወደ ወረቀቱ እንመለስ እንዴ?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበል ሶኬት አለ። እንግዳ ሲመጣ «አክሴፕት» ለእሱ አዲስ ሶኬት ይሰጣችኋል። የበሩን ሶኬት «አትጠብቅ፣ ከሌለ ተመለስ» ብዬዋለሁ። ሊኑክስ ላይ አዲሱ ሶኬት ይህን ጠባይ አይወርስም። ማክና ፍሪቢኤስዲ ላይ ይወርሳል! ስለዚህ ማኩ ላይ ለማንበብ ስሞክር ትዕዛዙ ገና መንገድ ላይ ከሆነ «አሁን ምንም የለም፣ ቆይተህ ሞክር» ይለኛል። የእኔ ኮድ ደግሞ ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ግንኙነቱን ይዘጋዋል። ጓደኛዬ ጋ የሠራው ላኪውም ተቀባዩም አንድ ማሽን ላይ ስለነበሩ ነው፤ ዳታው ወዲያው ይደርሳል። ዋይፋዩ ሲጨናነቅ ግን ጉድ ፈላ።

መፍትሔው ሁለት መስመር ነው። ከ«አክሴፕት» በኋላ የፈለጋችሁትን ጠባይ ራሳችሁ ስጡት፤ በሊኑክስ፣ በማክና በፍሪቢኤስዲ በ«ኤፍሲኤንቲኤል»፣ በዊንዶውስ በ«አይኦሲቲኤልሶኬት»። «ቆይተህ ሞክር» የሚለውንም መልስ ከእውነተኛ ብልሽት ለዩት። ሊኑክስ ሁለቱን እርምጃ ባንዴ የሚሠራ «አክሴፕት4» አለው፤ ማክ ላይ ስለሌለ እኔ ትቼዋለሁ። እኔን ያየ ይቀጣ፤ ሁለት ቀን በላብኝ።

«ሲግፓይፕ»ን (ወደ ተዘጋ ግንኙነት ሲጻፍ ሲስተሙ የሚልከውን ምልክት) ዝም አሰኙት። አለዚያ አንድ ስልክ መሃል ላይ ሲቋረጥ ሰርቨሩ በሙሉ ሊሞት ይችላል። የፋይል ስም ሁሌም በትንሽ ፊደል ይሁን፤ ማክና ዊንዶውስ እንደ ወጡ ትልቁን ከትንሹ አይለዩም፣ ሊኑክስ ይለያል።

ለሙከራ ጊትሃብ አክሽንስ (ኮድን በራሱ የሚሞክር አገልግሎት) ለክፍት ኮድ ሊኑክስን፣ ማክንና ዊንዶውስን በነፃ ይሰጣል። ፍሪቢኤስዲን ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ምናባዊ ኮምፒውተር) ላይ ጫኑት፤ እኔ የማወርደው ሌሊት ነው፣ ኔቱ ሲቀል። ስትሞክሩ ታዲያ ላኪውን ሌላ ማሽን ላይ አድርጉ፣ ሆን ብላችሁም አዘግዩት።

ካፌው ዛሬም በዚያው ማክ ይሠራል። የትዕዛዝ ወረቀቱ ግን እስካሁን ከካሸሯ አጠገብ አልተነሳም።