ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ሲል ከመቀየራችሁ በፊት ይህን ሞክሩ

እህቴ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይላል። ቢሮ ሆና ስትሠራ ምንም የለበትም፤ ካፌ ወስዳ ስትከፍተው ግን በየጥቂት ሰከንዱ ይርገበገባል። አንድ ጥገና ቤት ወስዳው «ስክሪኑ አልቆለታል፣ ይቀየር» ብለዋታል። የተጠራላት ዋጋ የወር ደሞዟን ግማሽ የሚበላ ነበር።

ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። ቻርጀሩ ተሰክቷል፣ ስክሪኑ ፀጥ ብሏል። ቻርጀሩን ነቀልኩት። ወዲያው ነጩ ገጽ ደብዘዝ፣ ደመቅ፣ ደብዘዝ ማለት ጀመረ። መልሼ ሰካሁት፤ ቆመ። ደግሜ ነቀልኩት፤ ጀመረ። የተበላሸ ስክሪን ቻርጀር ሲሰካ እየዳነ፣ ሲነቀል እየታመመ አይኖርም። ጥፋቱ ባትሪ ለመቆጠብ ተብሎ የተከፈተ አንድ ሴቲንግ ነበር። ማጥፋቱ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የቱ እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ።

ደህናው ስክሪን ተቀይሮ፣ ገንዘቡም ወጥቶ፣ መርገብገቡ እንዳለ ሲቀጥል ማየት ያናድደኛል። ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሂዱበት። የማወራው ዊንዶውስ 10 እና 11 ስላለበት ኮምፒውተር ነው። አንድ አደራ አለኝ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሦስት ነገር አብራችሁ ከነካካችሁ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም፤ ችግሩ ከተመለሰም እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

መቼ ነው የሚርገበገበው?

ምንም ከመንካታችሁ በፊት አንድ አስር ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ እዩት። በባትሪ ሲሆን ነው ወይስ ቻርጀር ላይም? ሁሌ ነው ወይስ ክሮም ሲከፈት ብቻ? የላፕቶፑን ክዳን ስታንቀሳቅሱ ይብሳል? ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ወይስ ጭልም ብሎ ጠፍቶ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ይመለሳል? ያያችሁትን ወረቀት ላይ ጻፉ። በስልክም ቪዲዮ ቅረጹት፤ ጥገና ቤት ስትደርሱ ደህና ሆኖ ማሳፈር ይወዳል።

ሁለት ፈተናዎች

የመጀመሪያው ፈተና ታስክ ማናጀር ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። የሚከፈተውን መስኮት ስክሪኑ መሃል አድርጋችሁ ተመልከቱት። ታስክ ማናጀሩም ከሌላው ጋር አብሮ ከተርገበገበ፣ ጥርጣሬያችሁ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ዊንዶውስ ሥዕል የሚያወጣውን ክፍል የሚያዝበት ሶፍትዌር) ላይ ይሁን። ሌላው ሁሉ እየተርገበገበ ታስክ ማናጀሩ ብቻ ከረጋ፣ የሚረብሸው የጫናችሁት አንድ ፕሮግራም ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ የሚመክረው ፈተና ይሄ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ባዮስ ነው፤ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ የራሱ ሴቲንግ ገጽ ማለት ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት፣ ገና ሲነሳ ደጋግማችሁ ኤፍ 2 ወይም ዲሊት ተጫኑ። በብዙ ኤችፒ ላፕቶፖች ኤፍ 10 ነው። ባዮሱ ውስጥ ምንም ሳትነኩ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። እዚያ ዊንዶውስ የለም፣ የዊንዶውስ ድራይቨርም የለም። ስለዚህ እዚያም ከተርገበገበ ችግሩ የዕቃ ነው፦ ገመድ፣ ስክሪን ወይም የግራፊክስ ካርዱ ራሱ። እዚያ ረግቶ ዊንዶውስ ሲገባ ከጀመረ ግን ደስ ይበላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ገንዘብ የሚፈታ ነው።

ዴስክቶፕ ከሆነ ገመዱን አትለፉት። ከሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ መልሳችሁ አጥብቃችሁ ስኩት። የድሮው ቪጂኤ ከሆነ ግራና ቀኝ ያሉትን ብሎኖች እሰሩ። ስክሪኑ ጭልም ብሎ ከሁለት ሰከንድ በኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው የኤችዲኤምአይ ገመዱን ነው። ከጎረቤት ተውሳችሁም ቢሆን በሌላ ገመድ ሞክሩ።

ድራይቨሩን መቀስቀስ

የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትን እና የ«ቢ» (B) ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑ። ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁራል፣ አብዛኛውን ጊዜም ጢጥ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። አትደንግጡ፣ የከፈታችሁት ሥራ አይጠፋም። ድራይቨሩ ብቻ ነው እንደ አዲስ የሚነሳው። መርገብገቡ በዚህ ከቆመና ከሰዓታት በኋላ ከተመለሰ፣ መነሻው ድራይቨሩ መሆኑን ከሞላ ጎደል አረጋገጣችሁ ማለት ነው።

ዊንዶውስም ራሱ ይህንን ያደርጋል። ለግራፊክሱ የሚሰጠው ጊዜ 2 ሰከንድ ነው። በዚያ ውስጥ መልስ ካላገኘ ድራይቨሩን ቀጥ አድርጎ መልሶ ያስነሳዋል። «የዲስፕሌይ ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ ነበር፣ ተመልሷል» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ አይታችሁ ከሆነ እሱ ነው።

ሪፍሬሽ ሬት

ስክሪን በሰከንድ ስንት ጊዜ ሥዕሉን እንደሚያድስ የሚናገረው ቁጥር ሪፍሬሽ ሬት ይባላል፤ የሚለካው በኸርዝ ነው። ዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ግቡ። ወደታች ወርዳችሁ «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» የሚለውን ክፈቱ። እዚያ የምትመርጧቸው ቁጥሮች አሉ፦ 60፣ 75፣ 144 እንደየሞኒተሩ።

ቁጥሩ 30 ላይ ቆሞ ካገኛችሁት 60 አድርጉት። በተለይ ቴሌቪዥን እንደ ሞኒተር ለምትጠቀሙ ይህ ይደርስባችኋል። ፎርኬ (4K) የሚባለው ጥራቱ ከፍ ያለ ስክሪን በድሮው ኤችዲኤምአይ 1.4 ሲገናኝ ከ30 በላይ መሄድ አይችልም፤ 60 ለማግኘት ኤችዲኤምአይ 2.0 ያስፈልጋል፣ ገመዱም ሶኬቱም። ከቁጥሩ ጎን «ኢንተርሌስድ» የሚል ቃል ካለበት አትምረጡት፤ ቀጫጭን መስመሮችና ትንንሽ ፊደላት የሚንቀጠቀጡት በእሱ ነው።

በተቃራኒው 144 ወይም 165 ላይ ከሆነና ከተርገበገበ፣ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ እዩት። ከረጋ ብዙ ጊዜ ገመዱ ያን ያህል ዳታ መሸከም አቅቶታል። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ «ዳይናሚክ ሪፍሬሽ ሬት» የሚባል ማብሪያም እዚያው ገጽ ላይ አለ። ቁጥሩን እንደ ሥራው ራሱ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። እሱንም አጥፍታችሁ ሞክሩ።

ከዚህ ገጽ ሳትወጡ አንድ ነገር አንብቡ። ስክሪኑ ከየትኛው ግራፊክስ ጋር እንደተገናኘ ተጽፏል። ላፕቶፓችሁ የኢንቴልም የኤንቪዲያም ግራፊክስ ካለው ይህች መስመር ትልቅ ነገር ናት። በብዙ ላፕቶፖች ስክሪኑ የሚነዳው በኢንቴሉ ነው፤ ኤንቪዲያው ለጌምና ለከባድ ሥራ ነው የሚጠራው። ሰው ግን የኤንቪዲያን ድራይቨር ሦስት ጊዜ እየቀያየረ «ምንም አልተለወጠም» ይላል። እንዴት ይለወጣል? የነካው ሌላ ነው። መስመሯ ኢንቴል ካለች የኢንቴሉን ያዙ።

ድራይቨሩን ማስተካከል

በዊንዶውስ ቁልፍና በኤክስ የሚወጣውን ዝርዝር ክፈቱና «ዲቫይስ ማናጀር» ግቡ። «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ዘርጉ። የግራፊክሱን ስም ራይት ክሊክ፣ ከዚያ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ድራይቨር»።

መጀመሪያ ቀኑን እዩ። መርገብገቡ የጀመረው ዊንዶውስ አፕዴት ካደረገ በኋላ ነው? እንግዲያው ወደፊት ሳይሆን ወደኋላ ነው መሄድ ያለባችሁ። «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን ተጫኑ፣ ምክንያት ሲጠይቃችሁ አንዱን ምረጡ፣ ሪስታርት አድርጉ። ቁልፉ ደብዝዞ እንቢ ካለ ኮምፒውተሩ የቀድሞውን ድራይቨር አላስቀመጠም፤ በእጅ ማውረድ ይኖርባችኋል።

አፕዴት ካላደረጋችሁ ቆይታችሁ ከሆነ ደግሞ አዲሱን ጫኑ። ላፕቶፕ ከሆነ መጀመሪያ የአምራቹን ድረ ገጽ እዩ፦ ዴል፣ ኤችፒ፣ ሌኖቮ የራሳቸውን ሞዴል ድራይቨር እዚያ ያስቀምጣሉ። ለየሞዴሉ የተስተካከለ ስለሆነ ከጠቅላላው ይሻላል። ዴስክቶፕ ከሆነ በቀጥታ ከኢንቴል፣ ከኤኤምዲ ወይም ከኤንቪዲያ ገጽ አውርዱ። «ድራይቨርዎን በነፃ እናድስ» ከሚሉ ፕሮግራሞች ራቁ። ማስታወቂያና ቫይረስ ይዘው ሲመጡ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ድራይቨሩን ከሥሩ ነቅላችሁ እንደ አዲስ ትጭኑታላችሁ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን እንዳትስቱ። አዲሱን ፋይል መጀመሪያ አውርዳችሁ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጡ። የኤንቪዲያ ፋይል ከግማሽ ጊጋ ባይት ስለሚበልጥ ጥቅላችሁ መብቃቱን አረጋግጡ፣ ወይ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት። ከዚያ ኢንተርኔቱን አጥፉ። ካላጠፋችሁት እናንተ ስትነቅሉ ዊንዶውስ ከጀርባ ያንኑ የሚረብሸውን መልሶ ሊጭን ይችላል። አሁን ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የግራፊክሱን ስም ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «አንኢንስቶል ዲቫይስ» በሉ። የድራይቨሩን ፋይል አብሮ ለማጥፋት የሚጠይቀውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት። ስክሪኑ ጠቁሮ ይመለሳል፤ ፊደሉ ተለቅ፣ ሥዕሉ ሸካራ ሊል ይችላል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ዊንዶውስ የራሱን መሠረታዊ ድራይቨር ለጊዜው ስላስገባ ነው። በዚህች ቅጽበት ስክሪኑን ልብ ብላችሁ እዩት፦ አሁን መርገብገቡ ቆሟል? ከቆመ ጥፋተኛው ያወጣችሁት ድራይቨር ነበር። አዲሱን ጫኑ፣ ሪስታርት፣ ኢንተርኔቱን መልሱ።

ባትሪ ቆጣቢ ሴቲንጎች

የእህቴ ችግር እዚህ ነበር። ኢንቴል ግራፊክስ ኮማንድ ሴንተር የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ። ከሌላችሁ ከማይክሮሶፍት ስቶር በነፃ ይወርዳል። «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «ፓወር» ግቡ። በባትሪ ክፍሉ ውስጥ «ፓነል ሰልፍ ሪፍሬሽ» የሚል ማብሪያ አለ። ስክሪኑ ላይ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ላፕቶፑ አዲስ ሥዕል መላኩን ያቆምና ስክሪኑ የያዘውን ራሱ እየደገመ ያሳያል። ባትሪ ይቆጥባል፤ በአንዳንድ ስክሪኖች ላይ ግን ያርገበግባል። አጥፉት። እዚያው አጠገብ ያለው የዲስፕሌይ ኃይል ቆጣቢ ደግሞ ነጭ ገጽና ጥቁር ገጽ ስትቀያይሩ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ነው። እሱንም አጥፉ።

ኤኤምዲ ላይ ይሄው ሥራ «ቫሪ ብራይት» ይባላል። ዊንዶውስ 11 ራሱም ብርሃኑን እንደ ገጹ ይዘት የሚቀያይር ምርጫ አለው፤ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ ብራይትነስ የሚለውን ስትዘረጉ ታገኙታላችሁ።

ክሮም ላይ ብቻ ከሆነ

ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ከዚያ የግራፊክስ አክስለሬሽኑን ማብሪያ አጥፉና ክሮምን ዘግታችሁ ክፈቱ። ጌም ላይ ብቻ ከሆነ ጂሲንክ ወይም ፍሪሲንክን (የስክሪኑን ሪፍሬሽ ሬት ከጌሙ ፍጥነት ጋር የሚያስኬደውን ሴቲንግ) አጥፍታችሁ ሞክሩ። በተለይ ቪኤ እና ኦሌድ በሚባሉ የስክሪን ዓይነቶች ላይ የጌሙ ፍጥነት ከፍ ዝቅ ሲል ጨለማው ክፍል ይርገበገባል። ድራይቨር የማያጠፋው የስክሪኑ ባህርይ ነው።

ዓይናችሁ ሳያየው ራሳችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉና ነጭ ገጽ ከፍታችሁ በስልክ ካሜራ እዩት። ጥቁር ማዕበል የመሰለ መስመር ከታየና ብርሃኑን ሙሉ ስታደርጉት ከጠፋ፣ ስክሪኑ ብርሃኑን የሚቀንሰው በፍጥነት እያጠፋና እያበራ ነው። መፍትሔው ብርሃኑን ከፍ አድርጎ ክፍሉንም ብሩህ ማድረግ ነው።

መብራትም ይጠየቅ

የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ቮልቱ ግን ሁሌ 220 ላይ አይቆምም። ምጣድ ሲሰካ ወይም የፍሪጁ ሞተር ሲነሳ የዴስክቶፑ ሞኒተር አብሮ ከደበዘዘ፣ ድራይቨር ብትቀያይሩ ምንም አይመጣም። ሞኒተሩን ከምጣዱ በተለየ መስመር ላይ ሰኩ፣ ከተቻለም ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ አስገቡበት።

ድራይቨር ወደኋላ መልሳችሁ ከዳነላችሁ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ገብታችሁ አፕዴቱን ለአንድ ሳምንት አቁሙት። አለዚያ ያንኑ ድራይቨር በማግስቱ ሊመልሰው ይችላል።

ባዮስ ላይም የሚርገበገብ ላፕቶፕ ከሆነ በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። ቴሌቪዥኑ ላይም ከተርገበገበ ግራፊክሱ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ደህና ከሆነ ስክሪኑ ወይም ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ነው። ክዳኑን ስታንቀሳቅሱ የሚብስ ከሆነ ወደ ገመዱ ያደላል፣ ገመዱ ደግሞ ከስክሪኑ በጣም ይረክሳል። ጥገና ቤት ስትሄዱ «ባዮስ ላይም አለ፣ ቴሌቪዥን ላይ ግን የለም፣ መጀመሪያ ገመዱ ይታይልኝ» በሏቸው፣ የቀረጻችሁትንም ቪዲዮ አሳዩዋቸው።