ያረጀች አይጥን ውሎና አዳር እንዴት እመዘግባለሁ

የ24 ወር አይጥ አሮጊት ናት። እኔ የምይዛቸው ሲ57 ብላክ 6 የሚባሉትን ጥቁር የቤተ ሙከራ አይጦች ነው። ወጣቷ መብራት ሲጠፋ ወዲያው መሽከርከሪያዋ ላይ ትወጣለች። አሮጊቷ ዘግይታ ትነሣለች፣ ትንሽ ሮጣ ታርፋለች፣ ቀን መተኛት ሲገባት ደግሞ ትንጎራደዳለች።

እያንዳንዷን መሽከርከሪያ ባለው ሳጥን ለብቻዋ አኑሯት። መብራቱ 12 ሰዓት በርቶ 12 ሰዓት ይጥፋ። የሰውነትን የውስጥ ሰዓት በሚያጠናው በዚህ ሙያ ሰዓት የሚቆጠረው መብራት ከበራበት ነው፤ ቀትር 6፣ ማምሻ 12። ፈረንጅ ባልደረቦቼ ለመልመድ ሲቸገሩ ሳቄ ይመጣል፣ እኔ ከልጅነቴ እንዲሁ ነው የቆጠርኩት። የመጀመሪያውን ሳምንት መልመጃ ነው ብላችሁ ተዉት፤ ከዚያ የመሽከርከሪያውን ዙር ቢያንስ ሁለት ሳምንት መዝግቡ።

ቀጥሎ ጨለማ ብቻ። የራሷ የውስጥ ሰዓት የሚታየው ያኔ ነው፤ የእነዚህ አይጦች ቀን ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚያጥር በየዕለቱ ጥቂት ቀድመው ይነሣሉ። በበሩ ሥር የሚገባውን ብርሃን ድፈኑ፣ የመሣሪያዎቹን ትንንሽ መብራቶች በጥቁር ፕላስተር ሸፍኑ። ሳጥን የምታጸዱበትን ሰዓትም ቀያይሩ፤ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ከገባችሁ እናንተው ሰዓት ትሆኑባታላችሁ።

ግራፉ አንዱን ቀን ከሌላው በታች ይደረድራል። የወጣቷ ሌሊት ጫፉ ቀጥ ያለ ጥቁር ጥቅጥቅ ነው። የአሮጊቷ ብል የበላው ጋቢ ይመስላል።

ለፍርድ ግን አትቸኩሉ። አንድ ጊዜ «የዚህችስ ሰዓቷ ተበላሽቷል» ብዬ መዝገብ ላይ ጽፌያለሁ። በማግስቱ መሽከርከሪያውን በጣቴ ገፋ ባደርገው ግማሽ ዙር ሄዶ ቆመ። መሐሉ ላይ እርጥብ ሰጋቱራ ተጠቅልሎበታል። ወጣት ብትሆን ገፍታው ትሮጥ ነበር፤ እሷ ሞክራ ተወችው። ከዚያ ወዲህ ከመጀመሬ በፊት መሽከርከሪያውን በጣቴ እፈትናለሁ፣ አካሄዷን አያለሁ፣ ጥፍሯን አያለሁ፣ ዓይኗ ላይ ሞራ እንዳለ እመረምራለሁ። ብርሃን በደንብ የማታይ አይጥ ከመብራቱ ጋር ባትሄድ ምን ይገርማል? ከሳጥኑ በላይም እንቅስቃሴን የሚለይ የኢንፍራሬድ ሴንሰር እሰቅላለሁ፤ መሮጥ ያቃታት ሁሉ መንቀሳቀስ አላቃታትም።

የመጨረሻው ፈተና፣ ከጨለማው ወደ መብራቱ ከተመለሰች በኋላ፣ መብራቱ የሚበራበትንና የሚጠፋበትን ጊዜ 6 ሰዓት ማስቀደም ነው። ከአዲሱ ሰዓት ጋር እስክትገጥም ስንት ቀን እንደፈጀባት ቁጠሩ፤ አሮጊቷ ይዘገይባታል። ደጋግማችሁ ግን አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት መብራታቸው በየሳምንቱ 6 ሰዓት እየቀደመ 8 ሳምንት ከቆዩ ያረጁ አይጦች የተረፉት 47 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ መብራታቸው ካልተነካባቸው 83 በመቶ። እኔ አንዴ አዛውሬ፣ ቀኗን ቆጥሬ፣ እተዋታለሁ።