ቮልስ ላይ የመብራት ሪሌ ስታስገቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ በአሮጌ ቮልስ የነዳ ሰው የምለው ይገባዋል። መብራቱ መንገድ አያሳይም። መኪና መምጣቱን ለሌላው ሹፌር ያሳውቃል፣ በቃ። እኔም ከአንድ እንዲህ ያለ ምሽት በኋላ ነው ሪሌ (በትንሽ ኮረንት ታዝዛ ትልቁን ኮረንት የምታበራና የምታጠፋ ዕቃ) ለማስገባት የወሰንኩት። በመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ያላበላሸሁት ነገር አልነበረም።

በድሮ ቮልስ ለመብራቱ የሚሄደው ኮረንት በሙሉ በማብሪያው ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ረጅምና አጭር መብራት መቀየሪያው አለ። ከዚያ የፊውዝ ሳጥኑ፣ ከዚያ አምፖሉ። በየመንገዱ ያለ የቆሸሸ ንክኪ ከቮልቱ ቆንጠር ቆንጠር ያደርጋል። ሪሌ ሲገባ ማብሪያው ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል። ዋናው ኮረንት ከባትሪው በወፍራም ሽቦ በአቋራጭ ይሄዳል።

ሳይለኩ ሽቦ መቁረጥ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። መብራቱን አብሩና የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፖሉ ጀርባ ያለው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ማራዘሚያ ሽቦ ያስፈልጋችኋል። የምታነቡት ቁጥር መንገድ ላይ የቀረው ቮልት ነው። የኔ 1.8 ነበር። ትንሽ ይመስላል፤ ግን የክር አምፖል ቮልቱ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ከግማሽ ቮልት በታች ካነበባችሁ ሪሌው ብዙም አይጨምርላችሁም፤ ገንዘባችሁን ያዙ።

ከዚያ ደግሞ ፊውዞቹን እዩ። እነዚያ ጥይት የሚመስሉት የሴራሚክ ፊውዞች ጫፋቸው ይዝጋል። አውጥታችሁ ጫፋቸውንም መያዣቸውንም በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ጠርጉ። እኔ ያን ካደረግሁ በኋላ 1.8ቱ ወደ 1.1 ወረደ። ያለ አንድ ሳንቲም!

ማሳውን መርሳት

ሁሉም ስለ ፖዘቲቩ ያስባል። ኮረንቱ ግን መመለስም አለበት። ቡናማዋ የማሳ ሽቦ (ኮረንቱን በመኪናው ቆርቆሮ በኩል ወደ ባትሪው የምትመልሰው) ቀለም የተቀባ ወይም የዛገ ቆርቆሮ ላይ ከታሰረች አዲሱ ሪሌ ምንም አይፈይድም። መጀመሪያ መብራቴ አንዱ ደማቅ አንዱ ፈዛዛ ሆኖብኝ ሪሌውን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ጥፋቱ የግራ ፓራፋንጎዋ ብሎን ላይ ነበር። ቆርቆሮውን እስኪያበራ ፈግፍጉ፣ ሽቦውን እሰሩ፣ ከላይ ግሪስ ቀቡት።

የሌላ መኪና ሥዕል መገልበጥ

ኢንተርኔት ላይ ያሉት ሥዕሎች አብዛኞቹ ባትሪው ከመብራቱ አጠገብ ለሆነ መኪና የተሠሩ ናቸው። ቮልስ ላይ ሽቦው ከኋላ ወንበር እስከ ፊት ኮፈን ድረስ 4 ሜትር ያህል ይሄዳል። ቤት ውስጥ የተረፈች ቀጭን ሽቦ እዚህ አትሠራም። ሁለት 60 ዋት ረጅም መብራት 10 አምፔር ይወስዳል። በ4 ሜትር ላይ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ብቻውን 0.9 ቮልት ይበላባችኋል። የ4 ካሬ ሚሊሜትሩ ግን 0.2 እንኳ አይሞላም። ለማስተካከል የተነሳችሁትን ችግር በአዲስ ሽቦ መልሳችሁ አታስገቡት።

ሽቦውን በጎን በኩል ስታሳልፉ የማሞቂያው አየር የሚያልፍበትን ቦታ አስታውሱ፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

ፊውዝን ከመብራቱ አጠገብ ብቻ ማድረግ

ፊውዝ የሚጠብቀው ከሱ ወዲያ ያለውን ሽቦ ነው። ከፊት ብቻ ካደረጋችሁት በመኪናው ሆድ ውስጥ የሚያልፈው 4 ሜትር ሽቦ ያለ ጠባቂ ቀረ ማለት ነው። ቢላጥና ቆርቆሮ ቢነካ እሳት ነው። ፊት ኮፈን ውስጥ ደግሞ የነዳጅ ታንከሩ አለ። ስለዚህ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ አንድ 20 አምፔር ፊውዝ አስገቡ። እግረ መንገዳችሁን የባትሪውን ክዳን መልሱ። የወንበሩ ሞላ ፖዘቲቩን ነክቶ ወንበሩ የተቃጠለበት ቮልስ ብዙ ነው።

ከሪሌው በኋላም ለአራቱም መስመር (ለግራና ለቀኝ፣ ለረጅምና ለአጭር) የየራሱን ትንሽ ፊውዝ ስጡ፤ ፋብሪካውም እንዲሁ ነው የሠራው። ሁሉንም በአንድ ፊውዝ ካሰራችሁ፣ እሱ ሲቃጠል ቁልቁለት ላይ ድንገት ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል።

87 እና 87አ

ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሄዳችሁ ሪሌ ስትሉ አንዳንዴ ባለ አምስት እግር ይሰጧችኋል። መሃሏ ያለችው እግር (87አ) ሪሌው ሲጠፋ ነው የምትሠራው። እሷ ላይ ካሰራችሁ ማብሪያውን ስታጠፉ መብራቱ ይበራል፣ ጠዋት ባትሪው ባዶ ነው። እግሮቹ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ተከተሉ፦ ባትሪው 30 ላይ፣ መብራቱ 87 ላይ፣ ትእዛዙ 86 ላይ፣ ማሳው 85 ላይ። መኪናችሁ 6 ቮልት ከሆነች ደግሞ የ12 ቮልት ሪሌ አታስገቡ፤ አይነሳም።

«ካስገባን አይቀር» ማለት

ሽቦውን የሠራልኝ ልጅ «ጋሼ፣ አሁን እኮ የ100 ዋት አምፖል ይችላል!» አለኝ። ሽቦው ይችላል። የድሮው 12 ቮልት ዲናሞ ግን 30 አምፔር ገደማ ነው የሚያመነጨው፣ ያውም ሞተሩ ሲሮጥ። ትራፊክ ላይ ቆማችሁ መብራቱ ሲፈዝ ያ የዲናሞው ነገር ነው፤ ሪሌ አያድነውም። የ100 ዋቱ ሙቀት ሶኬቱንም ያቀልጣል። በ55/60 ተረጋጉ። ኤልኢዲ መክተትማ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ማሳወር ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ለረጅምም ለአጭርም አንድ ዓይነት ሪሌ ግዙ። መንገድ ላይ የአጭሩ ከሞተ የረጅሙን ነቅላችሁ ትሰኩና ቤታችሁ ትገባላችሁ።