በከዋክብት መካከል ያለውን ብናኝ ከጅማ ሆኖ ለማየትና ለመገመት

በከዋክብት መካከል የተበተነው ብናኝ በዓይን የሚታወቀው ከኋላው ያሉትን ከዋክብት በመሸፈኑ ስለሆነ፣ ተመልካቹ መፈለግ ያለበት ከዋክብት የጎደሉበትን ቦታ ነው። ለጅማ ነዋሪ አመቺው ዒላማ 600 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀው፣ ደቡብ መስቀል በተባለው የከዋክብት ስብስብ አጠገብ ያለው «የከሰል ጆንያ» የተባለ ጥቁር ደመና ነው። ጨረቃ የሌለችበትን የጥር መጨረሻ ሌሊት መርጠው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ቢወጡ፣ ደመናው ከደቡብ አድማስ ወደ 20 ዲግሪ ከፍ ብሎ ያገኙታል። የከተማው መብራት ከጀርባ እንዲቀር ወደ ሰቃ በሚወስደው አቅጣጫ ራቅ ማለት ይሻላል፤ ሸለቆው ላይ ጭጋግ ከተኛ ግን ከፍ ወዳለ ቦታ ካልወጡ ድካሙ ከንቱ ነው።

ዓይንዎ ጨለማውን እንዲለምድ ስልክ ሳይከፍቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ፣ ከመስቀሉ በስተግራ ዝቅ ብሎ ያለውን ጥቁር ቦታ ይለዩ። ቢኖኩላሩን በአጥር ላይ አስደግፈው በመካከሉ የሚታዩትን ከዋክብት ይቁጠሩ፤ ከዚያም ከመስቀሉ በስተቀኝ ባለው የፍኖተ ሐሊብ (የጋላክሲያችን የብርሃን መቀነት) ክፍል ቆጠራውን ይድገሙ። ሁለቱም ቦታዎች በተቀራራቢ ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው፤ አለዚያ የምድር አየር የሚቀንሰውን ብርሃን በብናኙ ላይ ያሳብባሉ። ከደመናው ወዲህ ያሉ ከዋክብትም አብረው ስለሚቆጠሩ፣ የሚገኘው ልዩነት ከእውነተኛው ሽፋን ማነሱ አይቀርም።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ሄርሼል እንዲህ ያሉትን ቦታዎች የሰማይ ቀዳዳ አድርጎ ነበር የቆጠራቸው፤ ብናኝ በከዋክብት መካከል በሰፊው ተሰራጭቶ ብርሃን እንደሚያደበዝዝ በ1930 እ.ኤ.አ. በአሳማኝ ሁኔታ ያሳየው ሌላው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሮበርት ትረምፕለር ነው። ቅንጣቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ማይክሮሜትር (ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ያነሱ ሲሆኑ፣ ከቀይ ይልቅ ሰማያዊውን ብርሃን አብዝተው ስለሚያስቀሩ ኮከቡ ቀልቶም ደብዝዞም ይታያል። የሱፐርኖቫን (የሚፈነዳ ኮከብን) ድምቀት ተጠቅሞ የጋላክሲን ርቀት የሚለካ ተመራማሪ ይህን ካላረመ፣ ጋላክሲው ካለበት የራቀ ይመስለዋል።

ብናኙ ራሱም ሞቅ ሲል በማይክሮዌቭ ያበራል። በመጋቢት 2014 እ.ኤ.አ. በደቡብ ዋልታ በተተከለ ቴሌስኮፕ የሕዋ ጀርባ ጨረርን (ከሕዋ መጀመሪያ ዘመን የቀረውን የማይክሮዌቭ ብርሃን) ይለካ የነበረው የባይሴፕ 2 ቡድን የጥንታዊ ስበታዊ ሞገዶችን (ሕዋ ሲጀምር የተፈጠሩ የስበት ንዝረቶችን) አሻራ አገኘሁ ብሎ ካስታወቀ በኋላ፣ በ2015 ይህንኑ ጨረር ከለካው የፕላንክ ሳተላይት ቡድን ጋር በጋራ የተደረገው ትንተና ምልክቱ ከገዛ ጋላክሲያችን ብናኝ ተለይቶ ሊረጋገጥ እንደማይችል አሳየ። ስለዚህም ዛሬ የሕዋ ጀርባ ጨረር የሚለካው በብዙ የሞገድ ድግግሞሾች (ፍሪኩዌንሲዎች) ነው፤ ከፍ ባለው ድግግሞሽ ብናኙ ጎልቶ ስለሚወጣ፣ ከዚያ ተገምቶ ከሌላው ላይ ይቀነሳል።