ስፔሰር ከገባ በኋላ የሚርገበገብ መሪና የሚላላ ዳዶ፦ ችግሩና መፍትሄው

ለውድድር በሚሰናዳ መኪና ላይ ሰፊ ቸርኬ ሲገባ የውስጥ ጠርዙ ሾኩን ወይም የፍሬን ካሊፐሩን ይነካል። ስፔሰር፣ ማለትም በሞዞው (ቸርኬው በሚታሰርበት የመሃል አካል) እና በቸርኬው መካከል የሚገባው ክብ ሳህን፣ የሚገባው ቸርኬውን ከዚያ ለማራቅ ነው። አሳቡ ትክክል ነው፤ ድሬዳዋ ላይ መኪናውን ከጋራዥ ጋራዥ የሚያዞረው የዕቃው ምርጫና የአገጣጠሙ ቸልተኝነት ነው። የጎማ ነፋስ፣ ባላንስና አላይመንት ታይተዋል ብለን እንነሳ።

አንድ ነገር ከወዲሁ፦ ስፔሰር ኦፍሴትን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ኦፍሴት ሞዞው ላይ የሚያርፈው የቸርኬ ፊት ከቸርኬው ወርድ መሃል ያለው ርቀት ነው፤ በሚሊ ተለክቶ «ኢቲ» ተብሎ ይጻፋል። ከጀርባው ኢቲ45 የተጻፈበት ቸርኬ 15 ሚሊ ስፔሰር ሲገባበት እንደ ኢቲ30 ይቆማል። ቸርኬው ድሮውንም ወደ ውጭ ወጥቶ ፓራፋንጎ የሚነካ ከሆነ ስፔሰር ያብስበታል፤ መለወጥ ያለበት ቸርኬው ነው።

ምልክት፦ ከ80 በላይ ሲነዳ መሪው ይርገበገባል፣ ባላንስ ቢደጋገምም አይለቅም

በብዛት የሚመጣው ይኸው ነው። ምክንያቱም ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ነው፤ ስፔሰሩ መሃሉን አልያዘም። ቪትዝም ሆነ ኮሮላ ኢ110 አራቱ ብሎኖች በ100 ሚሊ ክብ ላይ የተተከሉ ናቸው፤ የሞዞው መሃል ጉብታ ደግሞ 54.1 ሚሊ ነው። ቸርኬውን መሃል ላይ የሚያስቀምጠው ይህ ጉብታ ነው። «ለሁሉም መኪና ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠው ስፔሰር ግን ለ100 ሚሊውም ለ114.3 ሚሊውም የብሎን ክብ እንዲገባ ቀዳዳዎቹ ሞላላ ናቸው፤ መሃሉም 67 ወይም 73 ሚሊ ተበስቷል። 73 የሆነው በዙሪያው 9.5 ሚሊ ያህል ክፍተት ይተዋል። ጉብታውን ስፔሰሩ ስለሸፈነው ቸርኬው የሚይዘው ነገር ያጣል፤ መጀመሪያ የጠበቀው ዳዶ በሳበው በኩል ይቀመጣል። ከመሃል ግማሽ ሚሊ መውጣት ብቻ በ100 ላይ እጅ ያንቀጠቅጣል።

ባላንስ ማሽኑ ይህን አያሳይም። ማሽኑ የሚይዘው ቸርኬውን በራሱ መሃል ነው፤ ስፔሰሩ መኪናው ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ጎሚስታው «ዜሮ ነው» ሲል እውነቱን ነው። አራቱም ጎማ ባላንስ ተሠርቶ፣ የመሪ ጫፍ ተቀይሮ፣ ሁለት አዲስ ጎማ ተገዝቶ ሲያበቃ ጥፋቱ አንድ 10 ሚሊ ስፔሰር የሆነባቸው መኪናዎች ብዙ ናቸው። ያ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣው የሁለት ደቂቃ ፍተሻ ስለሚዘለል ነው።

ፍተሻው ይህ ነው። ጎማውን አውልቁና ስፔሰሩን ብቻ ያለ ዳዶ ሞዞው ላይ አስገቡት። በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ከተነቃነቀ ለዚያ ሞዞ አልተሠራም፤ መልሳችሁ አትግጠሙት። ካልተነቃነቀ ቸርኬውን ደርባችሁ እንደዚያው ሞክሩ፤ ከጃፓን ቸርኬ ውጭ በገበያ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ መሃሉ 67.1 ወይም 73.1 ስለሆነ ከስፔሰሩ ጉብታ ጋር የሚያገናኘው ቀለበት ያስፈልገዋል። ቀለበቱ አሉሚኒየም ይሁን፤ ፕላስቲኩ በፍሬን ሙቀት ይለሰልሳል።

መፍትሄው በውስጥ 54.1 ተበስቶ በውጭ የራሱ ጉብታ ያለው ስፔሰር ነው። ቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል፤ ነገር ግን 6061-ቲ6 ከተባለው ጠንካራ የአሉሚኒየም ቅይጥ ይሁን። ከቀለጠ ፒስተንና ከድስት የተቀዳ አሉሚኒየም ውስጡ በአየር ቀዳዳ የተሞላ ነው፤ በማጥበቅ ላይ ሳለ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሲረከቡ ውፍረቱን አራት ቦታ ለኩ፤ ልዩነቱ ከ0.05 ሚሊ ካለፈ መልሱት። ሁለት ስፔሰር መደራረብ በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

ዕቃው ትክክል ሆኖ መንቀጥቀጡ ካልጠፋ መቀመጫው ቆሽሿል ማለት ነው። የሞዞውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ እስኪነጣ አጽዱ። በደቻቱ ወንዝ ዳር ተፈትቶ አሸዋ ላይ የተጋደመ ቸርኬ ሳይጠረግ ሲገጠም በሁለቱ ፊቶች መካከል የቀረች አንዲት ጠጠር ጎማውን ታጣምማለች። በአንዳንድ መኪና ደግሞ ዲስኩን ለመያዝ ከፋብሪካ በብሎኑ ላይ የገባ ስስ ቀለበት አለ፤ እሱ ካልወጣ ስፔሰሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ፊቶቹን ግራሶ አትቀቡ፣ ቀለምም አይኑራቸው።

ምልክት፦ ዳዶ ይላላል፣ ወይም ብሎን ይቆረጣል

ይህ ሲታይ መኪናው ከቆመበት አይንቀሳቀስ። ጎማ የሚያስወልቅ ጥፋት ነው።

መጀመሪያ የጥርሱን ንክሻ ቁጠሩ። ብሎኑ 12 ሚሊ ከሆነ ዳዶው ቢያንስ 12 ሚሊ መንከስ አለበት፤ በቶዮታው 12 በ1.5 ጥርስ (ሁለተኛው ቁጥር ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት በሚሊ ነው) 8 ሙሉ ዙር፣ በሱዙኪው 12 በ1.25 ወደ 10 ዙር ማለት ነው። ዳዶው በእጅ ከነካበት ጀምሮ እስኪቆም ቁጠሩ። 10 ሚሊ ስፔሰር በፋብሪካው ብሎን ላይ ገብቶ 4 ዙር ብቻ የነከሰ ዳዶ «ጠብቋል» ተብሎ ይነዳል፤ አይነዳም! ረጅም ብሎን ይግባ። ሲገባም በፕሬስ ይጫን እንጂ በዳዶና በአየር መፍቻ አይሳብ፤ ጥርሱ ይለጠጣል። የራሱ ብሎን ያለውን ስፔሰር የመረጠ ውፍረቱን 20 ሚሊና ከዚያ በላይ ያድርግ፤ ከዚያ ከቀጠነ የሞዞው ብሎን ጫፍ ቸርኬውን ገፍቶ ያቆመዋል።

ቀጥሎ የዳዶው ዓይነት። የቶዮታ ኦሪጅናል አሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ አንገትና ጠፍጣፋ ራንዴላ አለው፤ የሆንዳው መቀመጫ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ የገበያው ቸርኬ ባብዛኛው 60 ዲግሪ ሾጣጣ ይፈልጋል። ሲቀላቀሉ ዳዶው የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ ያን ቀን የጠበቀ ይመስላል፣ በማግስቱ ይላላል።

ማጥበቂያው ለቪትዝና ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ጥርሱ ደረቅ ሆኖ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በቶርክ መፍቻ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ይደገም፤ በውድድር ቀን ከየዙሩ በኋላ። ሁልጊዜ ግን ቀዝቅዞ! የደንገጎን ቁልቁለት በፍሬን ወርዶ ድሬዳዋ እንደደረሰ ዳዶ የሚያጠብቅ ሰው ጥንቃቄ ያደረገ ይመስለዋል። አሉሚኒየም በሙቀት የሚያብጠው ከብረት በእጥፍ ገደማ ነው፤ 20 ሚሊ ስፔሰር 100 ዲግሪ ሲጨምር ከብሎኑ 0.02 ሚሊ ያህል በልጦ ያብጣል። በዚያ ሰዓት 103 ያሳየ መፍቻ የለካው ያበጠውን ነው፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ጥብቀቱ ይቀንሳል። እጅ ሳይቃጠል ሞዞው ላይ እስኪያርፍ ጠብቁ።

አንድ ብሎን ከተቆረጠ በዚያ ሞዞ ያሉት ሁሉ ይቀየሩ። የቀሩት የእሱን ጫና ተሸክመው ከርመዋል።

ምልክት፦ ሲታጠፍ ወይም ጉድጓድ ሲገባ ጎማው ይፍቃል

ስፔሰሩ የተመረጠው በግምት ነው። የፋብሪካው 5.5 ኢንች ኢቲ45 ወጥቶ 7 ኢንች ኢቲ38 ከገባ የውስጥ ጠርዙ 12 ሚሊ ወደ ሾኩ ይጠጋል፣ የውጭው 26 ሚሊ ይወጣል። «የፋብሪካውን ልመልስ» ብሎ 12 ሚሊ ስፔሰር የሚያስገባ ሰው ውጭውን 38 ሚሊ አደረሰው፤ ፓራፋንጎውን የሚቆርጠው እዚያ ላይ ነው። የሚፈለገው ከሾኩ 5 ሚሊ መራቅ ብቻ ከሆነ ለዚያ የሚበቃው ስፔሰር ይበቃል። ክፍተቱን ጎማው መሬት ይዞ፣ መሪው እስከ ጥግ ዞሮ ለኩ፤ በክሪክ ተነስቶ የተለካ ያታልላል።

ከስፔሰር በኋላ መሪው በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ጎን ከሳበ የግራና የቀኙን ውፍረት አመሳክሩ።

ሲታጠፍ የሚጨምር ጉምጉምታ ካለ ኩሽኔታው ነው፤ ሰፊ ስፔሰር ጫናውን ስለሚያርቅበት ቶሎ ይበላል።

ስፔሰሩ ሞዞው ላይ ተጣብቆ እምቢ ካለ በፕላስቲክ መዶሻ ዙሪያውን ምቱት፤ በብረት መዶሻ የተመታ ጠርዝ ዳግም ቀጥ ብሎ አይቀመጥም።