በዓሉ ሲያልፍ አብሮ የሚያልፍ የንግድ ጽሑፍ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ የተዘጋጀው የድረ ገጽ ጽሑፍ በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ አንባቢ ያጣል፤ በዓመቱ በዓሉ ሲመለስ ደግሞ ፈላጊው የሚያገኘው የአምናውን ዋጋ ነው።

ምክንያት፦ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ የሆቴሎችን፣ የጀልባ አስጎብኚዎችንና የማር ነጋዴዎችን ድረ ገጽ ሳስተካክል ደጋግሜ ያገኘሁት ጥፋት ዓመተ ምሕረቱን በገጹ አድራሻ ውስጥ መጻፍ ነው። በ2016 አንድ ገጽ ይከፈታል፣ በ2017 ሌላ ይጨመራል፤ ገጾቹ በጎግል ላይ እርስ በርሳቸው ይሻማሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚቀድመው ከሌሎች ድረ ገጾች ሊንክ (ወደ እርሱ የሚያደርስ ማገናኛ) ሲያጠራቅም የቆየው አሮጌው ነው። አንድ የባሕር ዳር ሆቴል ለጥምቀት የመጡ እንግዶች ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ዋጋ በስልካቸው እያሳዩ ስለተከራከሩት አሮጌውን ገጽ ሰረዘው። ስረዛው ችግሩን አባባሰው፤ ሊንኩን ይዘው የመጡት ሁሉ ባዶ ገጽ ላይ ወደቁ፣ ለዓመታት የተጠራቀመው የፍለጋ ደረጃም አብሮ ጠፋ። ስለዚህ አሮጌ ገጽ በፍጹም አይሰረዝ።

መፍትሄ፦ «ጥምቀት በባሕር ዳር» እንደሚል ዓይነት፣ ዓመት የሌለበት አንድ ቋሚ አድራሻ ይከፈት፤ የቀድሞዎቹም በሙሉ በቋሚ ሪዳይሬክት (301)፣ ማለትም አሮጌውን አድራሻ የከፈተውን ሰው በራሱ ወደ አዲሱ በሚያሻግር ትእዛዝ፣ ወደ እርሱ ይመሩ። በየዓመቱ የሚለወጠው ዋጋና ቀን ከላይ ለብቻው ይቀመጥ፤ የማይለወጠው፣ ማለትም የከተራው ሥርዓት፣ የመንገዱና የማደሪያው ነገር ከሥሩ ይጻፍ። ጎግል ለውጡን እስኪያነብ ጊዜ ስለሚወስድ እድሳቱ ከበዓሉ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ይሠራ። ይዘቱን ሳይነኩ የታተመበትን ቀን ብቻ ማደስ አንባቢን ማታለል ነው፤ ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ገንዘብ ሊከፈለው አይገባም። ጥምቀት ጥር 11 ከመሆን አይወጣም፤ ፋሲካ ግን በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 12 ስለዋለ ቀኑ ሳይጣራ ካለፈው ዓመት አይገልበጥ።

ምልክት፦ «አዲስ ማር ደረሰ» የሚለው የኅዳር ጽሑፍ በሚያዝያ የሚከፍተው የለም።
ምክንያትና መፍትሄ፦ ጽሑፉ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ማር ሲረጋ ተበላሸ ማለት እንዳልሆነ፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥም እንደሚፈታ የሚያስረዳ ክፍል ይጨመርበት፤ ይህን ሰው ዓመቱን ሙሉ ይጠይቃል።

ምልክት፦ ጢስ ዓባይን ሊያይ የመጣ እንግዳ ተቆጥቶ ይመለሳል።
ምክንያትና መፍትሄ፦ በድረ ገጹ ያየው ፎቶ በመስከረም የተነሳ ነው፤ በበጋ ግን ውሃው ከመቀነሱም በላይ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይሳሳል። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ወሩ ይጻፍ።

ዋጋው በሥዕል ላይ ብቻ ከተጻፈ ሥዕሉ ወጥቶ በጽሑፍ ይተካ።